ቴአትር የወደደ ልጅ ምን በደለ?

ልጅ ሲወለድ ዕልል ይባላል፤ አፉን ሲፈታ ዘመድ ይሰበሰባል፤ «እማ አለ፥ አባ አለ» ተብሎ ለጎረቤት ይነገራል። ያው ልጅ 8 ወይም 9 ዓመት ሲሞላው ግን ጋቢ ተከናንቦ፥ ምርኩዝ ይዞ፥ እንደ መንደሩ ሽማግሌ ጎንበስ ብሎ፥ ድምፁን አወፍሮ በተናገረ ጊዜ፥ ቤተ ሰቡ በመጀመሪያ ይሥቃል፤ ሁለተኛ ሲደግመው ዝም ይላል፤ ሦስተኛ ጊዜ ግን «ተው ቧልት! ደብተርህን ያዝ!» ብሎ ይገሥጸዋል። አፉን ስለ ፈታ ዕልል ያልንለትን ልጅ፥ አፉ በተፈታ ጊዜ ዝጋው ብለን እናዘዋለን።

ይህ ጽሑፍ የሚከራከረው ከዚያ ግሣጼ ጋራ ነው። ለልጃቸው ክፉ የሚመኙ አባትና እናት አሉ ብለን አንጀምርም፤ የሚገሥጹትም ከፍቅር የተነሣ መሆኑን እናውቃለን። ዳሩ ግን ከፍቅር የተነሣ የሚሠራ ስሕተት ስሕተትነቱ አይቀርለትም፤ እንዲያውም ፍቅር ስለሚሸፍነው ብዙ ዘመን ሳይታረም ይኖራል። ስለዚህ ወላጆች ሆይ፥ ክሱን በየተራው እናቅርብና ልጁ ምን እንደ በደለ አብረን እንመርምር።

አስቀድሞ የልጁ ፍላጎት ምን እንደ ሆነ መታወቅ ይገባዋል። ሽማግሌውን መስሎ ለመታየት፥ ልጁ አስቀድሞ ሽማግሌውን በብርቱ ተመልክቷል። ሲቀመጡ በየትኛው እጃቸው መሬቱን እንደሚደገፉ፥ ነገር ከመጀመራቸው በፊት ጉሮሮአቸውን እንዴት እንደሚጠርጉ፥ ልጃቸው የሞተባቸው ዕለት ድምፃቸው እንዴት እንደ ቀጠነ ሁሉን አይቷል። እኛ ትልልቆቹ ዕለት ዕለት «እንዴት አደሩ» ብለናቸው ስናልፍ ያላየነውን እርሱ አየ። እንግዲህ የቴአትር ፍቅር ሥሩ ቧልት አይደለም፤ ሰውን አጥብቆ መመልከት ነው። የሌላውን ሰው ሐዘንና ደስታ ለጥቂት ጊዜ የራሱ አድርጎ የሞከረ ልጅ፥ አድጎ ዳኛ ቢሆን ተከሳሹን፥ ሐኪም ቢሆን በሽተኛውን፥ መምህር ቢሆን ደካማውን ተማሪ ለመረዳት ከሌላው ይልቅ የተዘጋጀ ነው።

ደግሞም ይህ ፍላጎት ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ ነገር አይደለም። የመድረኩ አሠራር፥ መጋረጃውና የትኬቱ ሽያጭ ከውጭ አገር የተማርነው መሆኑ እውነት ነው፤ መጫወቱ ግን የራሳችን ነው። በየሰፈሩ ልጆች ዕቃ ዕቃ ሲጫወቱ እንመልከት። የገል ስባሪው ድስት ይሆናል፤ አፈሩ ዱቄት ይሆናል፤ አንዲቱ እናት፥ አንዱ አባት፥ አንዱም ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ ይሆንና «ቤቶች!» እያለ ይጣራል። ምን እንደሚናገሩ ማንም ጽፎ አልሰጣቸውም፤ ቃሉን ያገኙት ከየቤታቸው ነው። በቡሄ ዕለት ወንዶቹ ልጆች በዱላቸው መሬት እየመቱ ሆያ ሆዬ ሲሉ፥ አንዱ ያወጣል፥ የቀሩት ይቀበላሉ፤ የባለቤቱን ፊት እያዩ ሙገሳውን ያስረዝማሉ ወይም ያሳጥራሉ፤ ከዚያም ሙልሙላቸውን ተቀብለው ወደሚቀጥለው ደጅ ይሄዳሉ። በዘመን መለወጫም ልጃገረዶች አበባየሆሽ ሲሉ እንዲሁ ነው። በቀድሞው ዘመን በዛፍ ጥላ ሥር በሚዋለው ችሎት «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ ሲሟገቱ፥ ነገር ዐዋቂው ኩታውን አጣፍቶ፥ ዱላውን እየነቀነቀ፥ ቃሉን በግጥም እያሰማመረ ይናገር ነበር፤ መንገደኛውም መንገዱን አቋርጦ ቆሞ ያደምጥ ነበር። ይህ ሁሉ ሲሆን «ቧልት ነው» ያለ አልነበረም። እንግዲያው ልጁ ያንኑ ነገር በትምህርት ቤት መድረክ ላይ ቆሞ ቢያደርገው ስለ ምን ነውር ይሆንበታል?

የአገራችን የቴአትር ታሪክ ራሱ ለልጆች ይመሰክርላቸዋል። በዘመናዊ አኳኋን የመጀመሪያውን የአማርኛ ተውኔት የጻፉት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። በልጅነታቸው ወደ ሩሲያ ሄደው ተምረው የተመለሱት እኒህ ሰው፥ በኋላ የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አርቃቂ የሆኑት፥ በ1910ዎቹ ዓ.ም. «ፋቡላ፥ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የሚባለውን ድርሰት በአዲስ አበባ በቴራስ ሆቴል አሳዩ። በድርሰቱ ውስጥ የሚናገሩት አውሬዎች ናቸው፤ ሥራቸው ግን የሰው ሥራ ነበረና፥ ነገሩ ሹማምንቱን ይነካል ተብሎ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። እንግዲህ ትልልቆቹ ሰዎች በፈሩት ነገር ውስጥ የገቡት እነማን ናቸው? ተማሪዎች ናቸው። የጎጃሙ ተወላጅ ዮፍታሔ ንጉሤ፥ በቅኔ ቤት ያደጉት ሊቅ፥ በአዲስ አበባ መምህር ሆነው ሳሉ ተውኔት እየጻፉ፥ መዝሙር እየደረሱ ያሳዩ ነበር፤ ድርሰታቸውን የሚጫወቱላቸውም በደመወዝ የተቀጠሩ ተዋንያን ሳይሆኑ ደብተር ይዘው የሚማሩ ልጆች ነበሩ። የሀገር ፍቅር ማኅበር በ1927 ዓ.ም. ከመቋቋሙ አስቀድሞ፥ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የሚባለው ታላቁ ቤትም በ1948 ዓ.ም. ከመመረቁ ብዙ ዓመት አስቀድሞ፥ ቴአትራችን የቆመው በትምህርት ቤት ወለል ላይ ነው። ልጅ ከቴአትር ይራቅ የሚል ሰው፥ ቴአትርን በመጀመሪያ ዘመኑ ያቆሙት ልጆች መሆናቸውን ይወቅ።

አሁን ወደ ክሶቹ እንምጣ።

የመጀመሪያው ክስ «ቴአትር ውሸት ነው፤ ልጄ ያልሆነውን ነኝ ማለትን ይለማመዳል» የሚለው ነው። ውሸት ማለት የሚሰማው ሰው እውነት መስሎት እንዲታለል የሚነገር ነገር ነው። በመድረክ ላይ ንጉሥ ሆኖ የቆመውን የ10 ዓመት ልጅ ግን ንጉሥ ነው ብሎ ግብር የሚያገባለት የለም። ተመልካቹም ያውቃል፥ ልጁም ያውቃል፤ ሁለቱም ዐውቀው የተስማሙበት ነገር ማታለል አይባልም፤ ምሳሌ ይባላል። ነቢዩ ናታን ወደ ንጉሥ ዳዊት በገባ ጊዜ፥ «በድለሃል» ብሎ አልጀመረም፤ ስለ አንድ ባለጠጋና አንዲት በግ ብቻ ስለ ነበረችው ስለ አንድ ድኻ ነገረው። ንጉሡም በባለጠጋው ላይ ተቈጥቶ ከፈረደ በኋላ ነው «ያ ሰው አንተ ነህ» የተባለው። የቴአትር ሥራ ይህ ነው፤ ሰው የራሱን በደል በሌላው ሰው ላይ አይቶ እንዲፈርድና ከዚያ በኋላ ወደ ራሱ እንዲመለስ ማድረግ ነው። በ1948 ዓ.ም. ያ ታላቁ ቴአትር ቤት ሲከፈት የታየውም የራስ ቢትወደድ መኰንን እንዳልካቸው ድርሰት፥ ይህንኑ ታሪክ የያዘው «ዳዊትና ኦርዮን» ነበረ። በምሳሌ ንጉሥ ከተመለሰበት፥ በምሳሌ ልጅ ይጠፋበታል ማለት እንዴት ይቻላል?

ከዚሁ ጋራ «ቴአትር ለጨዋና ለካህን ልጅ አይገባም» የሚሉ አሉ። እነዚህ ሰዎች የመንግሥቱ ለማን ነገር ያስታውሱ። አባቱ አለቃ ለማ ኃይሉ ስመ ጥሩ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ነበሩ፤ ልጁ ግን «ጠልፎ በኪሴ»ንና «ያላቻ ጋብቻ»ን የመሳሰሉትን ሣቅና ቁም ነገር የተቀላቀሉባቸውን ተውኔቶች ጻፈ። ቴአትር ከአባቱ ለየውን? አልለየውም። አባቱ የነገሩትን የሕይወታቸውንና የዘመናቸውን ትዝታ ተቀብሎ፥ በ1959 ዓ.ም. «መጽሐፈ ትዝታ» ብሎ ለትውልድ ያቆየው ያው የተውኔት ጸሓፊ ልጅ ነው። የሰውን አነጋገር ማድመጥ የለመደ ልጅ የአባቱንም አነጋገር ሳያደምጥ አይቀርም።

ሁለተኛው ክስ «ትምህርቱን ይበድልበታል» የሚል ነው። ይህ ክስ ከሁሉ ይልቅ የሚከበር ነው፤ የሚያቀርቡትም ለልጃቸው ትምህርት ብዙ የደከሙ ሰዎች ናቸው። ነገር ግን የተውኔት ልምምድ ምን እንደሚጠይቅ በሚገባ ስለማያውቁ ይፈርዱበታል። ልጁ የሚናገረውን ቃል በልቡ መያዝ አለበት፤ ለመያዝም ማንበብ፥ ለማንበብም ትርጉሙን ማስተዋል ያስፈልገዋል። የራሱን ቃል ብቻ ቢያጠና አይበቃውም፤ ባልንጀራው በምን ቃል እንደሚጨርስ ካላወቀ እርሱ መቼ እንደሚጀምር አያውቅም። አንድ ቀን ቢቀር በደሉ በራሱ ብቻ አይቀርም፤ ልምምዱ የሁሉም ይቆማል። ሦስት ቃል ብቻ የተሰጠው ልጅ፥ ለዚያች ለሦስት ቃል ብሎ አንድ ሰዓት ሙሉ በትዕግሥት ይጠብቃል። ትጋትን፥ ሰዓት ማክበርንና ተራ መጠበቅን በምክር ብዛት ልናስተምረው ሞክረን ያቃተን ልጅ፥ እዚያ ማንም ሳይቈጣው ይማረዋል።

ማስረጃም ቢፈለግ ወደ አምቦ እንመልከት። ጸጋዬ ገብረ መድኅን በ1928 ዓ.ም. ተወልዶ፥ ገና በአምቦ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ሳለ ስለ ንጉሥ ዲዮናስዮስና ስለ ሁለቱ ወንድማማቾች ተውኔት ጽፎ፥ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ባሉበት ታየለት። ያ ልጅ ትምህርቱን አልጣለም፤ በአዲስ አበባ በንግድ ትምህርት ቤት ተማረ፥ ሕግም አጠና፥ በኋላም በእንግሊዝና በፈረንሳይ አገር የቴአትርን ሥራ ተመለከተ፤ ሐምሌትንና ኦቴሎን በአማርኛ እንድናነብባቸው አደረገ፤ የብሔራዊውንም ቴአትር ቤት መራ። ልብ በሉ፤ የዚህ ሁሉ መነሻ የሩቅ አገር ትምህርት ቤት አልነበረም። በአንድ ትንሽ ከተማ፥ በአንድ የሕፃናት ትምህርት ቤት፥ አንድ ልጅ የጻፈውን ወረቀት ተቀብሎ «ይህ በመድረክ ይታይ» ያለ ትልቅ ሰው በመገኘቱ ነው። በየአውራጃው እንዲህ ያለ ወረቀት የጻፉ፥ ነገር ግን የሚቀበላቸው ሰው ያጡ ልጆች ስንት እንደ ሆኑ ማን ይቈጥራቸዋል? የጠፋ ገንዘብ ይፈለጋል፤ ያልተነገረ ቃል ግን መጥፋቱም አይታወቅም።

ሦስተኛው ክስ «ጠባዩ ይበላሻል፤ ከመጠጥና ከሌሊት ጋራ ይላመዳል» የሚለው ነው። በጥበብ ሰዎች መካከል እንዲህ ያለ ሕይወት የያዛቸው መኖራቸውን አንክድም፤ በነጋዴውም በጸሓፊውም በወታደሩም መካከል እንዲህ ያሉ አሉ። ጥያቄው ልጁን ከዚህ የሚጠብቀው መከልከል ነው ወይስ አብሮ መሆን ነው የሚል ነው። ስለ ጥላሁን ገሠሠ ልጅነት የሚነገረውን ሁላችንም ሰምተናል። በወሊሶ በትምህርት ላይ ሳለ የሙዚቃ ፍቅር ያዘው፤ አያቱ ትምህርቱን እንዲያጠብቅ መከሩት፤ የትምህርት ቤቱ ሹም ደግሞ አበረታታው፤ በመጨረሻ ልጁ ከቤት ወጥቶ ወደ አዲስ አበባ ኰበለለና በሀገር ፍቅር ተቀጠረ። የእርሱ መንገድ ዘፈን ነው እንጂ ተውኔት አይደለም፤ የቤቱ ክርክር ግን አንድ ነው። ከኰበለሉት ሁሉ ጥላሁን የሚወጣ ይመስላችኋልን? የብዙዎቹ ስም እንኳ አይታወቅም። ፍላጎቱ ብርቱ የሆነ ልጅ ቢከለከልም መሄዱ አይቀርም፤ የሚለየው ተመርቆ መሄዱና ተደብቆ መሄዱ ነው። ተመርቆ የሄደ ልጅ ክፉ ነገር ቢያጋጥመው ወደ ቤቱ መጥቶ ይናገራል፤ ተደብቆ የሄደ ግን ክፉውንም ደብቆ ይኖራል። ስለዚህ ልጁን ከክፉ ባልንጀራ ለመጠበቅ የሚሻ አባት በሩን አይቈልፍ፤ ይልቅስ አብሮት ይውጣ።

አራተኛው ክስ በሴቶች ልጆች ላይ ብቻ የሚቀርበው ነው፤ «ለሴት ልጅ ነውር ነው» ይባላል። ይህ አስተሳሰብ ምን እንዳደረገ ታሪክ ያስረዳል። በቀድሞው ዘመን ሴቶች ወደ መድረክ መውጣት ስላልተፈቀደላቸው፥ የእናትንና የሙሽራን ክፍል የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ። በኋላ በቴሌቪዥን ከ40 ዓመት በላይ ለልጆች ተረት በመንገር «አባባ ተስፋዬ» ተብለው የታወቁት ተስፋዬ ሣህሉ፥ በ2009 ዓ.ም. ያረፉት፥ በወጣትነታቸው እንደ ሴት ለብሰው ከተጫወቱት አንዱ ናቸው። እኒህ ሰው ሥራቸውን በሚገባ ሠርተዋል፤ ምስጋና እንጂ ነቀፋ አይገባቸውም። የሚነቀፈው ግን የእናት ልቅሶ በሚታይበት መድረክ ላይ እናት እንዳትቆም የከለከለው ልማድ ነው። ሴት ልጅ ስለ ራስዋ ኑሮ በራስዋ ድምፅ እንዳትናገር ተደርጎ፥ ሌላ ሰው ስለ እርስዋ ሲናገርላት መኖርዋ ነው ነውሩ። ያ ዘመን በመድረክ ላይ አልፏል፤ በብዙ ቤቶች ውስጥ ግን ገና አላለፈም፤ ወንድሟ ሲጫወት ይጨበጨብለታል፥ እርስዋ ስትጫወት «አንቺ ደግሞ ምን ሆንሽ!» ትባላለች።

አምስተኛው ክስ «እንጀራ አይሆንም» የሚለው ነው። ለዚህ ክስ የምንሰጠው መልስ ሽንገላ የሌለበት ነው። የቴአትር ሙያ ለብዙዎቹ ባለሙያዎች ሀብት አላመጣላቸውም፤ ልጁንም በሀብት ተስፋ ማታለል አይገባም። ዳሩ ግን በአንድ ትምህርት ቤት ተውኔት ውስጥ 30 ልጆች ቢጫወቱ፥ 30ውም ተዋንያን ይሁኑ ያለ ማን ነው? ምናልባት አንድም አይገኝባቸው ይሆናል። ኳስ የሚጫወተውን ልጅ «በኳስ ትኖራለህን?» ብለን አንጠይቀውም፤ እግሩ ይጠንክር ብለን እንተወዋለን። ቴአትር የወደደውንም ድምፁ ይጠንክር ብለን ብንተወው ምን ይጎዳናል? ከ30ው አንዱ ሙያዬ ነው ቢል ደግሞ፥ ዛሬ መንገዱ እንደ ቀድሞው ጨለማ አይደለም፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ጥበባት ትምህርት ክፍል ከተከፈተ ከ40 ዓመት በላይ ሆኖታል። ሌሎቹ 29ኙ ግን ምን አተረፉ? በሰው ፊት መቆምን አተረፉ።

በሰው ፊት መቆም ትንሽ ነገር አይምሰላችሁ፤ የዚህ ክርክር ዋና ነገር ይህ ነውና። እኛ ዝምታን እጅግ እናመሰግናለን። «ሙያ በልብ ነው» እንላለን፤ «ካፍ ከወጣ አፋፍ» እንላለን፤ ልጁ አንድ ነገር ቢሠራ «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» እንለዋለን። እነዚህ ምሳሌዎች በቦታቸው እውነት ናቸው፤ ነገር ግን ልጅን ከማለዳ እስከ ማታ በእነርሱ ብቻ ብናሳድገው፥ ጨዋ የምንለው ልጅ ዲዳ ሆኖ ይወጣል። ከዚያ በኋላ አድጎ በሹም ፊት ሲቆም መብቱን መናገር ያቅተዋል፤ በጉባኤ ላይ የሚያውቀውን እውነት ይዞ ይቀመጥና፥ የማያውቀው ደፋር ሲናገርበት ይውላል፤ ለሐኪም እንኳ የት እንደሚያመው በሚገባ አያስረዳም። በሰው ፊት መናገር ያልለመደ ሰው መብቱን በሌላ ሰው አፍ ይለምናል። በቤት ውስጥ «ዝም በል» የተባለው ቃል ከልጁ ጋራ ያድጋል፤ ወላጆቹ ካለፉ በኋላም ከእርሱ ጋራ ይኖራል። እንግዲህ በአንድ ምሽት ግሣጼ የሚጠፋው የአንድ ምሽት ጨዋታ ብቻ ነው ብለን አንናገር።

እስከ አሁን የተናገርነው ለሚከለክሉት ነው። ከእነርሱ የማይሻሉ ሌሎች ደግሞ አሉ፤ እነርሱም በልጃቸው የሚመኩት ናቸው። እነዚህ ልጃቸውን ለእንግዳ ሁሉ «ተነሥና አሳያቸው» ይሉታል፤ አልፈልግም ቢል ይቈጡታል። በትምህርት ቤት በዓል ቀን ስልካቸውን ከፍ አድርገው ሥዕሉን ሲያነሡ፥ ልጁን በዐይናቸው ሳያዩት ተውኔቱ ያልቃል፤ የልጃቸው ክፍል በተፈጸመ ጊዜም የሌላው ልጅ ገና ሲናገር ተነሥተው ይወጣሉ። ልጁም ከዚህ የሚማረው፥ ቴአትር ማለት ሰውን መመልከት ሳይሆን በሰው መታየት መሆኑን ነው። የሚከለክለው አባት ቡቃያውን ይረግጠዋል፤ የሚመካው አባት ግን ገና ሳያፈራ በየቀኑ እየነቀለ ለሰው ያሳየዋል። ሁለቱም እህል አያገኙም።

ትምህርት ቤቶችም ከዚህ ነቀፋ አያመልጡም። ብዙዎቹ ቴአትርን የሚያስታውሱት በዓመት አንድ ቀን ለወላጆች በዓል ነው። ለልጆቹ የሚሰጠውም ድርሰት ከዳር እስከ ዳር ምክር ብቻ ነው፤ ክፉው ልጅ አይማርም፥ ይወድቃል፥ ያለቅሳል፤ ደጉ ልጅ ይማራል፥ ይሸለማል፤ በመጨረሻም ሁሉም ተሰልፈው ምክሩን በአንድ ድምፅ ይደግሙታል። ይህ ትልልቆቹ በልጆች አፍ ራሳቸውን የሚያመሰግኑበት ነገር ነው እንጂ የልጆች ቴአትር አይደለም። ልጅ ከዚህ የጠለቀ ነገር ያውቃል። ቅንዓትን ያውቃል፤ ፍርሃትን ያውቃል፤ በቤት ውስጥ አባትና እናት ሳይነጋገሩ ያደሩበትን ሌሊት ያውቃል። የሚያውቀውን እንዲጫወት ቢፈቀድለት እውነተኛ ምክር ራሱ ይወጣበታል።

እንግዲህ ምን እናድርግ ለሚሉ ወላጆች ጥቂት ነገር እንናገራለን፤ ከሚነገረውም ውስጥ ገንዘብ የሚጠይቅ ብዙ አይደለም።

በመጀመሪያ ሂዱና ተመልከቱ። ልጃችሁ ሦስት ቃል ብቻ ቢሰጠው ስለ ሦስቱ ቃል ሂዱ፤ በሰዓቱ ድረሱ፤ እስኪፈጸምም ተቀመጡ። በሕዝቡ መካከል የአባቱን ፊት ያየ ልጅ የሚያገኘውን ብርታት ሌላ ሰው ሊሰጠው አይችልም። ወደ ቤት ስትመለሱ «ጎበዝ» ብላችሁ ብቻ አትተዉት፤ «ያ ሰው ስለ ምን እንዲህ ተናገረ? አንተስ ስለ ምን ድምፅህን ዝቅ አደረግህ?» ብላችሁ ጠይቁት። ምስጋና ደስ ያሰኘዋል፤ ጥያቄ ግን ያሳድገዋል።

ሁለተኛ፥ ልኩን ወስኑለት። የትምህርት ሰዓት የትምህርት፥ የልምምድ ሰዓት የልምምድ ይሁን። ነገር ግን ባጠፋ ቊጥር «ቴአትሩን ትተዋለህ» እያላችሁ አታስፈራሩት፤ እንዲህ ካደረጋችሁ የሚወደው ነገር የእናንተ አለንጋ ይሆንበታል፤ ከባልንጀሮቹም ጋራ የገባውን ቃል እንዲያፈርስ ታስተምሩታላችሁ።

ሦስተኛ፥ የሚያስተምሩትን ሰዎችና የሚለማመድበትን ቦታ ዕወቁ። ልምምዱ ከመሸ ራሳችሁ ሄዳችሁ አምጡት። ከአዘጋጁ ጋራ ተነጋገሩ፤ ወላጅ እንዲመጣና እንዲያይ የማይፈልግ አዘጋጅ ቢኖር ልጃችሁን አትስጡት። ይህ ጥርጣሬ አይባልም፤ የወላጅነት ሥራ ነው።

አራተኛ፥ ወሬና ተረት አትንፈጉት። አያት በቤት ካሉ ልጁን ከእግራቸው ሥር አስቀምጡት፤ «ተረት ተረት» ሲሉት «የላም በረት» እያለ ያድምጥ። የቻለ ወላጅም በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ ወደ ቴአትር ቤት ይውሰደው፤ ለልደት በዓል በኬክና በፊኛ ከምናወጣው ገንዘብ ጥቂቱ ቢቀነስለት ይበቃዋልና።

አምስተኛ፥ የማይፈልገውን አታስገድዱት። በሰው ፊት መቆም የሚከብደው ልጅ አለ፤ ነገር ግን መድረኩ የሚፈልገው ተናጋሪውን ብቻ አይደለም። ልብሱን የሚሰፋ፥ መብራቱን የሚጠብቅ፥ ድርሰቱን የሚጽፍ፥ የረሳውን ከመጋረጃው ኋላ የሚያስታውስ ሁሉ የቴአትር ሰው ነው። እንዲህ ያለው ልጅ በዚያ ቦታ ሲሠራ ከርሞ፥ አንድ ቀን ሳይጠሩት ወደ ፊት ይወጣ ይሆናል፤ ባይወጣም ሥራውን ሠርቷል።

ክሱን ሁሉ መረመርን፤ በልጁም ላይ በደል አላገኘንበትም። በደል ከተገኘ የተገኘው ልጁ የተመለከተውን ሰው እኛ ሳንመለከት በመቅረታችን፥ የተናገረውንም ሳናደምጥ «ቧልት» ብለን በመፍረዳችን ነው። ስለዚህ ወላጆች ሆይ፥ ዛሬ ማታ ልጃችሁ ጋቢውን ተከናንቦ እንደ ሽማግሌ ሆኖ ቢገባባችሁ፥ ለሽማግሌ እንደሚገባ ተነሡለት፤ መቀመጫም ስጡት፤ ከዚያም የመጣበትን ጉዳይ እስኪጨርስ ድረስ አድምጡት።